ከየትም ያልመጣ እሳት

ሀብቶም ሞቶ በተገኘበት ጠዋት ዝናቡ ገና አላባራም ነበር። መቶ አለቃ ወልደጻድቅ መገናኛ ከአውቶቡስ ወርዶ፣ ጭቃውን እየረገጠና እየረገመ ግቢው በር ላይ ሲደርስ ካልሲው ሳይቀር ርሷል። ጣቢያው መኪና ነበረው፤ ነዳጅ ግን አልነበረውም። ዘመኑ ሰባ አምስት፣ ወሩ ነሐሴ ነው፤ ያኔ ነዳጅ ያለው ማን ነው!

ገና በሩን ሳያልፍ የቀበሌው ሊቀመንበር ጃንጥላቸውን እንደዘረጉ ተቀበሉት።

«ጓድ መቶ አለቃ፣ በከንቱ ደከሙ። ገዳይዋን ይዘናታል።»

«ማን ናት?»

«ዘሃራ ትባላለች፤ የአሰብ መንገድ ሹፌር ሚስት ናት። ለሟቹ ምግብ የምታበስለው እሷ፣ ‹ሞቶ አገኘሁት› ብላ የጮኸችው እሷ፣ የገደለውም የእሷ የከሰል ማንደጃ። የመንግሥትን ጥናት ለማደናቀፍ የተሸረበ ሤራ ነው። ዓርብ ጠዋት ወደ በላይ አካል እንልካታለን።»

ወልደጻድቅ ያኔ «ወደ በላይ» የተላከ ሰው ምን እንደሚሆን አሳምሮ ያውቃል። ቀኑ ረቡዕ ነው። አንዲት ሴት፣ አጥፍታ ይሁን ሳታጠፋ፣ ከነገ ወዲያ ደብዛዋ ሊጠፋ ነው፤ ሊቀመንበሩ ደግሞ ነገሩን የሚያወሩት ስለ ሰፈር ቦይ ጠረጋ እንደሚያወሩ ነው።

«ከመጣሁ አይቀር ልየው» አለና ገባ።

እዚህ ላይ ሟቹ ምን ይሠራ እንደነበር መናገር አለብኝ፤ አለበለዚያ ነገሩ አይገባም። ሀብቶም አንድ ቤተሰብ በቀን ምን ያህል ማገዶ፣ ከሰል፣ ኩበትና ላምባ እንደሚፈጅ ለሚያጣራ አገር አቀፍ ጥናት ተቆጣጣሪ ነበር። ሰው «ስንት ታነዳለህ?» ቢሉት «እኔ እንጃ፣ አንድ እቅፍ» ነው የሚለው። የማን እቅፍ? የግዙፉ ወይስ የከሲታው? ስለዚህ ጥናቱ ሰው አይጠይቅም፤ ይመዝናል። ማታ ከእራት በኋላ በየቤቱ ያለው ማገዶ በሚንጠለጠል ሚዛን ይመዘናል፤ ጠዋት እንደገና ይመዘናል፤ የጎደለው ነደደ ማለት ነው። ዕጣ የወጣላቸው፣ እነሱ እንደሚሉት ግን ዕጣ የወጣባቸው፣ የዚህ ግቢ ሦስት ቤቶች ናቸው፦ የዘሃራ፣ የእማማ ደብሪቱ፣ እንዲሁም የቀበሌው ኅብረት ሱቅ ሻጭ የማሞ። ሀብቶምም ሥራው እስኪያልቅ ቀበሌው በሰጠው የኋላ ክፍል ያድር ነበር።

ክፍሏ ጠባብ ናት። ሀብቶም በጋቢ ተጠቅልሎ፣ ጉንጩ እንደ ጤነኛ ሰው ቀላ ብሎ፣ እንቅልፍ የወሰደው መስሎ አልጋው ላይ ነበር። ከግርጌው ማንደጃ አለ። ወልደጻድቅ የመስኮቱን መዝጊያ ከውስጥ ገፋው፤ አልከፈት አለው። ዞሮ በውጭ ሲያየው በሽቦ ታስሯል።

«ሰውየው የታመመ ነው?» ሲል ጠየቀ።

«ወባ አለበት፤ ከቆላ ያመጣው። ትናንት ተነሥቶበት ኪኒን ውጦ በጊዜ ተኛ» አለ ከበሩ ላይ አንድ ቀጭን ወጣት። በእጁ ሚዛን ይዟል።

ወልደጻድቅ ማንደጃው ላይ አጎነበሰ። ላዩ የከሰል አመድ ነው። በእንጨት ገለጥ ሲያደርገው ግን ሥሩ ሌላ ሆነ፤ ቀለል ያለ፣ ቅርፊት ቅርፊት የሚል፣ ያልነደደ የጭድ ስባሪ የተቀላቀለበት አመድ። የኩበት አመድ ነው። ከሰሉን ያቀጣጠለው የኩበት ፍም መሆኑ ነው። ምንም ሳይናገር እጁን በሱሪው ጠረገና ወደ ወጣቱ ዞረ።

«አንተ ማነህ?»

«ሙሉአለም እባላለሁ። መዛኙ እኔ ነኝ። ማታ መዝኜ እንደጨረስኩ ወደ ኮተቤ ሄድኩ፤ እዚያ ነው ቤቴ።»

«ዛሬስ?»

ሙሉአለም አንገቱን ደፋ። «ዛሬም መዘንኩ። ሰው ሞቶ እያለ… ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ እጄ ለምዶት ነው።»

«እሰይ፣ አበጀህ። ከማን ከሰል ጎደለ?»

«ከማንም።»

«ከማንም ስትል?»

«የዘሃራ ከሰል ማታ እንደነበረ ነው። ከሰሏ ደግሞ እሷ የምትተኛበት ክፍል ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ማሞ ሚስቱ አገር ቤት ስለሄደች ብቻውን ነው፤ የእሱም ከሰልና ማገዶ እንዳለ አለ። እማማ ደብሪቱ ከሰል የላቸውም፤ የሚያነዱት ከቦሌ ቡልቡላ በአህያ የሚመጣ ኩበት ነው። ኩበታቸውም ንክች አልተደረገም።»

«ታዲያ ይኼ ሁሉ ከሰል ከሰማይ ወረደ?»

«እኔም እሱ ነው ግራ የገባኝ፣ ጌታዬ።»

ወልደጻድቅ በንዴት ሳቀ። ሦስት ቤት፣ ሦስቱም የተመዘነ፣ ከሦስቱም ምንም ያልጎደለ፤ ሰው ግን በከሰል ሞቷል። እንዲህ ያለ ነገር ደሙን ያፈላዋል።

«ፍምስ ትመዝናላችሁ?»

«ፍም አይመዘንም። ለዚህም ብለን በዚህ ሳምንት እሳት መጫርም ማስጫርም ክልክል ነው ብለናል። አንዷ ከሌላዋ ቤት ፍም ከወሰደች ሒሳቡ ይዛባል። እንዲያውም ሊቀመንበሩ በስብሰባ ላይ ‹እሳት ያስጫረ የላምባ ካርዱን ይነጠቃል› ብለዋል።»

«ከሟቹ ጋር ትናንት ተጣልታችኋል ይባላል።»

«ጠብ አይባልም፤ ክርክር ነው» አለ ሙሉአለም፣ ግን ድምፁ ሰለለ። «በላምባ ጉዳይ ነው። እኔ ‹ስንት ሊትር ገዛችሁ?› ብዬ ጠይቄ አልፋለሁ። እሱ ግን ‹ሁሉን መዝነን ላምባውን በወሬ ልንጽፍ ነው?› ብሎ ጮኸብኝ። ከዚያ የእነ ዘሃራን ጠርሙስ ተቀብሎ ወደ መለኪያ ጆጉ ገለበጠው። ሊትር ተብሎ የተሸጠው ሊትር አልሞላም። ሳቀና ‹ይኼ ሊትር ከሊትር ያንሳል› አለ።»

«ማን ማን ሰማ?»

«ሁላችንም ነበርን።»

እማማ ደብሪቱ ማድ ቤታቸው ውስጥ ነበሩ። የአንዲት ሕፃን ልቅሶ ወደ ውጭ ይሰማል። አሮጊቷ ሕፃኗን በነጠላ አዝለው፣ ክብሪት እየጫሩ፣ ክብሪቱ እየከዳቸው፣ ከምድጃው ጋር ሲታገሉ ደረሰባቸው።

«እንደምን አደሩ እማማ። ልጅቷ የማን ናት?»

«የዘሃራ ናት ጌታዬ። እናቷን ሲወስዷት እኔ ላይ ጥለዋት ሄዱ። ጡት ለምዳ የላም ወተት አልጠጣም ትላለች፤ ምን ላድርጋት?»

«እሳትዎ ጠፋ እንዴ?»

«ዝናቡ ነው፤ ክብሪቱን አርጥቦብኝ።»

«ማታ አላዳፈኑትም?»

«እንዴታ! አዳፍኜ ነው የተኛሁት።»

«ታዲያ የተዳፈነ የኩበት እሳት እስከ ጠዋት ይጠፋል?»

አሮጊቷ እጃቸው ቆመ። «ጠፋ እንግዲህ። ምን ልበልዎት?»

«ለማን አስጫሩ?»

«ለማንም! ኧረ በእመቤቴ! ክልክል አይደል እንዴ? እኔ ብቻዬን የምኖር ሴት፣ ካርዴን ቢነጥቁኝ በምን አበራለሁ?»

ሕፃኗ ድምፅዋን ከፍ አደረገች። እማማ ደብሪቱ እያወዛወዙ ጀርባቸውን አዞሩበት። ሌላ ሰው ቢሆንበት ወልደጻድቅ ጠረጴዛ ይደበድብ ነበር፤ የሰባ ዓመት አሮጊት ፊት ግን ምን ይደበደባል? ወጣ።

ማሞን ሱቁ ውስጥ አገኘው። ማሞ ለሰው ሁሉ ወንበር የሚስብ፣ ድምፁ ለስለስ ያለ ሰው ነው።

«ይቀመጡ መቶ አለቃ፣ ይቀመጡ። በዚህ ዝናብ! ዘሃራ ክፉ ሴት አይደለችም፤ ብቻ ንዴቷ አይጣል ነው። ትናንት ‹ይኼ ሰውዬ በኪሎ ገደለን!› ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ማታ ማንደጃዋን በረንዳ ላይ አሳድራ ጠዋት ነበር የምታስገባው፤ ዛሬ ሲታይ ሬሳ ሥር። ምን ይባላል?»

«እርስዎ ማታ ምን ይሠሩ ነበር?»

«በጊዜ ተኛሁ። እሳት እንኳ አላነደድኩም፤ ልጁ መዝኖታል፣ ይጠይቁት።»

የወልደጻድቅ ዓይን ከመደርደሪያው ጀርባ ዐረፈ። ሦስት ጆንያ ከሰል ቆሟል። የሁለቱ አፍ በቃጫ ተሰፍቷል፤ የአንደኛው ግን በሲባጎ ነው የታሰረው።

«ይኼስ?»

«ለቀበሌው ሠራተኞች የሚታደል ነው። ገና አልታደለም።»

ወልደጻድቅ ሲወጣ ሙሉአለምን ጠራው። «የሱቁን ከሰል መዝነኸዋል?»

«የሱቁን? አይ፣ ጥናቱ የቤተሰብ ነው። ሱቅ ቤተሰብ አይደለም።»

«አዎ» አለ ወልደጻድቅ ጥርሱን ነክሶ፣ «ሱቅ ቤተሰብ አይደለም።»

ዘሃራ የታሰረችው ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ጀርባ፣ ድሮ ዕቃ ቤት በነበረ ክፍል ነው። ወጣት ናት፤ ወሎዬ ነች፤ ፊቷ አብጧል። ቀሚሷ ደረቷ ላይ ርሶ ተጣብቋል። ወልደጻድቅ መጀመሪያ ዝናብ መሰለው፤ ቆይቶ ወተት መሆኑ ገባውና ዓይኑን ሰበረ።

«ልጄን ያምጡልኝ» አለች፣ ሰላምታ ሳትሰጥ። «ሌላ ምንም አልጠይቅዎትም። ትጥባና ልመልሳት።»

«ሊቀመንበሩን ጠይቄአቸዋለሁ። ‹ሤረኛ ልጅ አታጠባም› አሉኝ።»

«ወላሂ እኔ አልገደልኩትም!»

«ታዲያ ‹በኪሎ ገደለን› ያልሽውስ?»

«እሱማ ብያለሁ! ጠዋት ይመዘናል፣ ማታ ይመዘናል፤ ሰው በገዛ ቤቱ እንጨት ሲያነሣ እንደ ሌባ ይሳቀቃል። ብዬዋለሁ፤ እሱም ስቆ ‹እውነትሽን ነው› አለኝ። ጥሩ ሰው ነበር። ‹ከሰል ቤት ውስጥ አታሳድሩ፣ መስኮት አትዝጉ› እያለ ቤት ለቤት የሚለምን ሰው! ወባው ሲያንቀጠቅጠው እንኳ መስኮቱን ገርበብ አድርጎ ነበር የሚተኛው። እሱ ከሰል አስገብቶ ይተኛል? ያበደ እንኳ አያምንም።»

«ማንደጃሽን ማን ወሰደው?»

«በረንዳ ላይ ነው ያደረው። የፈለገ ይወስደዋል።»

«ላምባውን ከለካ በኋላ ሀብቶም ምን አለ?»

ዘሃራ አሰበች። «‹ነገ ጠዋት ጆጉን ይዤ ሱቁ ድረስ እሄዳለሁ፤ መስፈሪያው ጣሳ ምን እንደሆነ አየዋለሁ› አለ። እኛም ሳቅን። ማሞም ሳቀ።»

ወልደጻድቅ በር ላይ ደርሶ ተመለሰ። «ከእማማ ደብሪቱ ጋር እንዴት ናችሁ?»

«እናቴ ማለት ናቸው። ልጄን ያዋለዱኝ እሳቸው ናቸው።»

ይኼን ሲሰማ ይባስ ተናደደ። እንደ እናት የሆነችዋ ሴት የዘሃራን ልጅ አዝላ፣ ዘሃራን የሚያድናትን ቃል ውጣ ተቀምጣለች። ለምን? ለላምባ ካርድ!

ሐሙስ ሱቁ ፊት ለፊት የላምባ ሰልፍ ነበር። ወልደጻድቅ እንደ ማንም ሰው ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። ፈዲላ የምትባል አንዲት የሰፈሩ ሴት ጠርሙሷን ወደ ብርሃን አንሥታ ጓደኛዋን ጎሸም አደረገቻት።

«ከትናንት ወዲህ ይኼን ሱቅ ምን ነካው? ኧረ እዪው፤ ላምባዋ እስከ አንገቱ መጣችልኝ! ድሮ ትከሻው ላይ ነበር የምትቀረው።»

«ዝም ብለሽ ውሰጂ፤ ሳይሳሳት አይቀርም» አለቻት ያቺኛዋ።

ወልደጻድቅ ተራ ጠብቆ መስኮቱ ጋ ደረሰ፤ መስፈሪያው ጣሳ ሲገለበጥ ቂጡን አየው። በቅርቡ በመዶሻ ተደብድቦ ወደ ውጭ የተቀጠቀጠ ቆርቆሮ ነው፤ የመዶሻው ጠባሳ ያበራል። ማሞ ፈገግ አለለት። እሱም ፈገግ አለለትና ሄደ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ጣጣ ነው። አለቃው «ቀበሌው ጨርሶታል፤ አንተ ለምን ትፈተፍታለህ?» አሉት። ሊቀመንበሩ የሱቁን ከሰል ለማስመዘን ደብዳቤ አምጣ አሉት። ደብዳቤውን የሚፈርመው ሰው ስብሰባ ላይ ነው አሉት። እማማ ደብሪቱ ጋ ሁለት ጊዜ ተመለሰ፤ ሁለቴም «አዳፍኜ ነው የተኛሁት» ነው መልሱ። ሕፃኗ ስታለቅስ ድምፅዋ ሰልሎ ነበር። በመጨረሻ ወልደጻድቅ ሊቀመንበሩን አንድ ነገር ብቻ ለመናቸው፦ ዓርብ ጠዋት ዘሃራን የሚወስደው መኪና ከመንቀሳቀሱ በፊት ሰዎቹን ሁሉ ግቢው ውስጥ ይሰብስቡለት።

ተሰበሰቡ። ዝናቡ ለጊዜው ቆሟል። ሊቀመንበሩ ሰዓታቸውን ያያሉ። ዘሃራ በሁለት የአብዮት ጥበቃ አባላት መካከል ቆማ ዓይኗን ከእማማ ደብሪቱ ጀርባ ላይ አልነቅል አለች፤ እንዳትጠጋ ከልክለዋታል። ሙሉአለም ሚዛኑን ይዟል። ማሞ ለሊቀመንበሩ ወንበር አመጣ።

«አጠር ያድርጉት» አሉ ሊቀመንበሩ።

«አጠር አደርገዋለሁ» አለ ወልደጻድቅ። «ሀብቶም ኪኒን ውጦ ጭልጥ ብሎ ተኝቶ ሳለ አንድ ሰው መስኮቱን ከውጭ በሽቦ አሰረ፤ የተቀጣጠለ ከሰል አስገብቶ በሩን ዘጋበት። ማንደጃው የዘሃራ ነው፤ እሱ እውነት ነው። ከሰሉ ግን የዘሃራ አይደለም፤ ተመዝኗል፤ አልጎደለም።»

«ሌላ ቦታ ገዝታ ቢሆንስ?» አሉ ሊቀመንበሩ።

«ለምን ትገዛለች? ከሰሏ እንዳይጎድል ተጠንቅቃ፣ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ማንደጃዋን ሬሳው ሥር ጥላ ትሄዳለች? ራሱን የሚደብቅ ሰው ማንደጃውን ነው የሚደብቀው። ማንደጃውን ያስገባው ሰው ዘሃራ እንድትጠረጠር ፈልጓል። ከሰሏንም ቢወስድ ደስ ባለው፤ ግን ከሰሏ እሷ የምትተኛበት ክፍል ውስጥ ነው።»

ሊቀመንበሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እሺ፤ ይኼ መዛኙስ? ከሟቹ ጋር ተጣልቷል።»

ሙሉአለም ሚዛኑን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ሙሉአለም ገዳይ ቢሆን ኖሮ» አለ ወልደጻድቅ፣ «ጠዋት መዝኖ ‹የዘሃራ ከሰል ጎድሏል› ማለት ብቻ ይበቃው ነበር። ማን ያጣራበታል? እሱ ግን አልጎደለም አለ። ዘሃራን የሚያድናትን ነገር የነገረኝ መጀመሪያ እሱ ነው። ስለዚህ የቀረን ጥያቄ አንድ ነው። ከሚመዘን ቤት ያልወጣ ከሰል ከየት ይገኛል? ከማይመዘን ቤት ነዋ! ጥናቱ ሱቅ አይመዝንም። ሱቁ ውስጥ ሦስት ጆንያ ከሰል አለ፤ ሁለቱ እንደመጡ በቃጫ እንደተሰፉ ናቸው፤ ሦስተኛው ተፈትቶ በሲባጎ ታስሯል። ቁልፉን የሚይዘው አንድ ሰው ነው።»

ሁሉም ማሞን አዩት። ማሞ በሐዘን ራሱን ነቀነቀ።

«ጆንያው ከመኪና ሲወርድ ተቀድዶ ነው ያሰርኩት። እኔ ከሰውየው ጋር ምን ጠብ አለኝ?»

«ጣሳ አለዎት» አለ ወልደጻድቅ። «ቂጡ ወደ ውስጥ ተጎድጉዶ የነበረ ጣሳ። ሀብቶም ‹ነገ ጠዋት ጆጌን ይዤ እመጣለሁ› አለ። በነጋታው ሀብቶም ሞተ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ የሰፈሩ ሴቶች ላምባ እስከ ጠርሙሱ አንገት ሞላልን ብለው ተገረሙ። ማንም ሳይጠይቅዎት፣ ማንም ሳይፈትሽዎት ጣሳዎን ቀጠቀጡት። በላምባ ማጭበርበር የኢኮኖሚ አሻጥር ነው፤ ቅጣቱን እዚህ ያለን ሁላችን እናውቃለን።»

«ይኼ ሁሉ ግምት ነው!» አለ ማሞ፤ ለስላሳው ድምፁ አሁን ሻከረ። «እሳቱንስ በምን አነደድኩት? በክብሪት? ማገዶዬ ተመዝኗል!»

«ማገዶዎ እንዳይነካ ስለፈለጉ ነው ፍም የለመኑት። በላምባ ቢያቀጣጥሉት ክፍሉ ይሸት ነበር። የማንደጃው ሥር የኩበት አመድ ነው፤ በዚህ ግቢ ኩበት የሚያነድ አንድ ቤት ብቻ ነው።» ወልደጻድቅ ወደ አሮጊቷ ዞረ። «እማማ ደብሪቱ፣ ፍምዎን ጨርሰው ስለሰጡ ነው ጠዋት በክብሪት ሲታገሉ የነበሩት። ለማን ሰጡ?»

«አዳፍኜ…»

«እማማ!»

አሮጊቷ ሊቀመንበሩን አዩ። ማሞን አዩ። የሕፃኗን ማዘያ ነጠላ አጠበቁ። ወልደጻድቅ ትዕግሥቱ አለቀ። ሦስት ቀን በጭቃ የተመላለሰው፣ የሰው ሕይወት በክር የተንጠለጠለው፣ በአንድ ቁራጭ ካርቶን ምክንያት ነው።

«ጓድ ሊቀመንበር» አለ፣ ጮክ ብሎ፣ «እሳት ቢያስጫሩም ካርዳቸው እንደማይነጠቅ አሁን እዚሁ ይናገሩ።»

«ይኼ ከጉዳዩ ጋር ምን—»

«ይናገሩ!»

ሊቀመንበሩ ዙሪያውን አዩ። ጎረቤቱ ሁሉ አጥር ላይ ተንጠላጥሏል። «እሺ፤ አይነጠቅም» አሉ በቁጣ።

እማማ ደብሪቱ መሬቱን እያዩ ተናገሩ። «ማሞ ነው የጫረው። ‹ሻይ ላፍላ፤ መዛኙ ልጅ እንዳያውቅብኝ› አለኝ፤ ሰጠሁት። ጠዋት ጩኸቱ ሲሰማ መጥቶ ‹ማስጫርሽ ከታወቀ ካርድሽ ሄደ፤ ላምባ ከእኔ ሱቅ አታገኚም› አለኝ። ለሻይ ነው ብዬ… ለሻይ ነው ብዬ ራሴን አታለልኩት።»

ወልደጻድቅ ለሙሉአለም ምልክት ሰጠው። ሁለት ሰው ጆንያዎቹን ከሱቁ አውጥቶ በሚዛኑ ላይ ሰቀላቸው። በሲባጎ የታሰረው ቀለለ፤ አጥር ላይ ያለው ሰው ሁሉ በዓይኑ አየው።

ማሞ መካድ ተወ። ሲይዙት ግን ሊቀመንበሩን እያየ «ብቻዬን ነው የበላሁት? ያንን ላምባ ብቻዬን ነው የበላሁት?» ብሎ ጮኸ።

«አፉን ዝጉት!» አሉ ሊቀመንበሩ፤ ዘጉትም። ሁሉም ሰምቷል፤ ማንም አልጠየቀም። ወልደጻድቅ አንድ ርምጃ ወደ ፊት ሄደና ቆመ። ሊቀመንበሩ የበላይ አካል ሰው ናቸው፤ እሱ ደግሞ መኪናው ነዳጅ የሌለው ጣቢያ መቶ አለቃ ነው። የያዘውን ይዞ መሄድ ነበረበት፤ ይኼ እስከ ዛሬ ያንገበግበዋል። ለዘሃራ ግን ያ መኪና ባዶውን ሄደላት።

ሙሉአለም ሚዛኑን እየጠቀለለ ጠጋ አለው። «የዚህ ግቢ ልኬት ተበላሽቷል ብሏል ዋናው ቢሮ። የጎረቤቱን ግቢ እንተካለን።»

«እዚያስ እሳት አይጫጫሩም?»

ሙሉአለም ሚዛኑን በትከሻው አንጠልጥሎ ሄደ።

ጠባቂዎቹ ሲለቋት ዘሃራ ማንንም አላመሰገነችም። ቀጥ ብላ ሄዳ ልጅዋን ከእማማ ደብሪቱ ጀርባ ፈትታ ወሰደች፤ እርጥቡ በረንዳ ላይ ተቀምጣ፣ በዚያ ሁሉ ወንድ ፊት፣ ጡቷን አወጣችላት። ልጅቷ መጀመሪያ ታነቀች፤ ከዚያ ያዘች።

እማማ ደብሪቱ ሁለት እጃቸውን እያፋተጉ ፊቷ ቆሙ። «ልጄ፣ ሌትም ቀንም ከጀርባዬ አላወረድኳትም። ወተት እየለመንኩ በጣቴ አጠባኋት። እመብርሃን ምስክሬ ናት።»

ዘሃራ ቀና አለች።

«እማማ፣ ልጄ እዚያው ጀርባዎ ላይ እያለቀሰች ነው ዝም ያሉት?»

አሮጊቷ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። ዘሃራ ልጅቷን ወደ ሌላኛው ጡቷ አዞረቻት።